ሆሊውድና «ቀይ ሕንዶች»፦ ከፊልሙ ክፈፍ ውጭ የቀረው መሬት

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 29 ቀን 1890 የአሜሪካ ሰባተኛ ፈረሰኛ ሬጂመንት በሳውዝ ዳኮታ፣ በፓይን ሪጅ ሪዘርቬሽን ውስጥ፣ ዉንድድ ኒ በተባለ ጅረት ዳር ድንኳን ተክለው ያደሩ የላኮታ ቤተሰቦችን ትጥቅ አስፈታለሁ በሚል ሰበብ ከቦ በመድፍና በጠመንጃ ፈጃቸው። ከ150 ያላነሱ፣ እንደ አንዳንዶች ግምትም እስከ 300 የሚደርሱ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት አለቁ። ሬሳቸው በበረዶ ውሽንፍር ደርቆ ከቀናት በኋላ በአንድ የጋራ ጉድጓድ ተጣለ። ለዚህ «ጀብዱ» ወደ 20 የሚጠጉ ወታደሮች የአገሪቱን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ ተሸለሙ። ኮንግረሱ በ1990 ጸጸቱን ገለጸ እንጂ ሜዳዩን አልነጠቀም። በ2024 ጉዳዩ እንደገና እንዲመረመር ታዞ ነበር። ይሁንና በሴፕቴምበር 2025 የመከላከያ ሚኒስትሩ ፒት ሄግሴት ወታደሮቹ ሽልማታቸው እንደሚገባቸውና ውሳኔውም የመጨረሻ እንደሆነ በይፋ አስታወቁ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ሴቶችና ሕፃናት ያለቁበትን ፍጅት በ21ኛው ምዕተ ዓመት አደባባይ ላይ ቆሞ «ጀግንነት» ብሎ መጥራት እንዴት ይቻላል? መልሱን በሚኒስትሩ ባሕርይ ውስጥ ብቻ መፈለግ ነገሩን ማቃለል ይሆናል። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና የሚኒስትሩን ንግግር የሚሰማው ሕዝብ ከአያት ቅድመ አያቱ ጀምሮ በምን ዓይነት ምስል ሲመገብ እንደኖረ መመርመር ይገባል። ስለዚህም በዛሬው ጽሑፋችን ሲኒማ የአሜሪካን ነባር ሕዝቦች፣ በተለይም በሪዘርቬሽን ውስጥ የሚኖሩትን፣ እንዴት አድርጎ እንዳቀረበ እንመለከታለን። «ቀይ ሕንዶች» የሚለውን መጠሪያ እኛም ለልማድ ያህል በአርእስታችን ላይ አኑረነዋል እንጂ እስያ የደረሰ መስሎት መንገድ የሳተ መርከበኛ የለጠፈው የስሕተት ስም መሆኑን አንባቢ አይስተውም።

ዉንድድ ኒ ላይ ደም ከፈሰሰ ገና አራት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1894፣ የቶማስ ኤዲሰን ኩባንያ በኒው ጀርዚ ባለው ስቱዲዮው ውስጥ የላኮታ ተወላጆችን ካሜራ ፊት አቁሞ «የመንፈስ ጭፈራ» የተባለውን ሥርዓታቸውን የሚመስል ጭፈራ ቀረጸ። ልብ በሉ፤ የጭፍጨፋው ሰበብ የሆነው ይኸው ጭፈራ ነበር። በሪዘርቬሽኑ ሲጨፈር በመድፍ የተቀጣው፣ ስቱዲዮ ውስጥ ሲጨፈር ትኬት ተቆረጠበት። ጭፈራውን ያቀረቡት ሰዎች ቡፋሎ ቢል እየተባለ የሚጠራው ዊልያም ኮዲ ከከተማ ከተማ እያዞረ ለትርዒት ያሰለፋቸው ነበሩ። ኮዲ በዚህ አልረካም። በ1913 ወደ ፓይን ሪጅ ተመልሶ ጭፍጨፋው በተፈጸመበት ሥፍራ፣ የጦር ሚኒስቴር በሰጠው ፈረሰኛ ጦርና በጄኔራል ኔልሰን ማይልስ ተባባሪነት፣ ፍጅቱን «ውጊያ» አድርጎ በፊልም አስተወነው። የአካባቢው ላኮታዎችም የገዛ ወገኖቻቸውን አሟሟት እንዲተውኑ ተደረገ። የፊልሙ አብዛኛው ክፍል ዛሬ ጠፍቷል። ያስተማረው ትምህርት ግን አልጠፋም።

ሪዘርቬሽን ምንድን ነው? ፊልሞቹ ይህን ጥያቄ ፈጽሞ ስለማይመልሱ እኛ በአጭሩ እንመልስ። ሪዘርቬሽን ማለት አንድ ሕዝብ ሰፊ አገሩን በጦርና በውል ተቀምቶ የታጠረበት ቀሪ መሬት ነው። የብዙው መሬት ሕጋዊ ባለቤትነት በ«ባለአደራነት» ስም የተያዘው በፌዴራሉ መንግሥት ነው። ይህንን ጉዳይ የሚያስተዳድረው ቢሮ በ1824 ሲመሠረት የተቀመጠው በጦር ሚኒስቴር ውስጥ መሆኑ ብቻውን ብዙ ይናገራል። በ1887 የወጣው የዶውስ ሕግ የጋራውን መሬት ለየግለሰቡ ሸንሽኖ «የተረፈውን» ለነጭ ሠፋሪዎች ከፈተ። በዚህም የተነሣ በዚያ ዓመት ወደ 56 ሚሊዮን ሄክታር የነበረው የነባር ሕዝቦች ይዞታ በ1934 ወደ 19 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ወረደ። በ47 ዓመት ውስጥ ከሦስት እጅ ሁለቱ እጅ ያህል፣ አንድ ጥይት ሳይተኮስ፣ በመዝገብና በማኅተም ተወሰደ ማለት ነው። የገባርና የባለርስት ታሪክ ላለው አገር ሰው ይህ ብዙ ማብራሪያ የሚጠይቅ አይመስለንም።

የምዕራቡ ድንበር ፊልም፣ በተለምዶ የካውቦይ ፊልም የምንለው፣ ይህን ሁሉ አያውቅም። በዚያ ፊልም ውስጥ ነባሩ ሰው ከኮረብታ ጀርባ ብቅ ይላል፣ ይጮኻል፣ በጥይት ተመትቶ ከፈረሱ ይወድቃል። ማን ነው? ከየት መጣ? ለምን ይዋጋል? አይባልም። ታሪኩም እርሱ ሲሸነፍ ያበቃል። ሪዘርቬሽን የሚባለው ነገር ግን የሚጀምረው እርሱ ከተሸነፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ተመልካቹ ከሲኒማ ቤት ሲወጣ የሚያውቀው የጠፋ ሕዝብ ነው። ለጠፋ ሕዝብ ደግሞ መሬት መመለስ፣ ውል ማክበር፣ ውኃ ማስገባት አያስፈልግም። ይህን ቀላል የሚመስል ነገር ሳንረዳ የካውቦይን ፊልም እንደ ተራ መዝናኛ ማየታችንን ብንቀጥል የምንታለለው ራሳችን ነን።

የዚህ ፊልም ታላቁ መሐንዲስ ጆን ፎርድ ነው። ከ1939ኙ «ስቴጅኮች» እስከ 1964ቱ «ቸየን ኦተም» ድረስ ሰባት ፊልሞችን በሞኑመንት ቫሊ ቀርጿል። ያ የቀይ አለት ዐምዶች የቆሙበት ሸለቆ የሚገኘው በናቫሆ ሪዘርቬሽን ውስጥ ነው። ፎርድ ካሜራውን ይዞ ሲደርስ ናቫሆዎች መሬቱን ከግጦሽ ብዛት እናድናለን በሚል ምክንያት መንግሥት በጎቻቸውንና ፍየሎቻቸውን በገፍ ያስፈጀባቸው፣ የተራቡ ሕዝብ ነበሩ። በመሆኑም የቀን ምንዳ የሚከፍል ሁሉ የሚፈለግ ነበር። ናቫሆው በአንዱ ፊልም አፓቺ፣ በሌላው ኮማንቺ፣ በሦስተኛው ቸየን ሆኖ ተኩስ በሰማ ቁጥር ከፈረስ ወደቀ። የኮማንቺውን አለቃ ግን በ1956ቱ «ዘ ሰርቸርስ» የተጫወተው በርሊን የተወለደ ተዋናይ ነው። ዋናውን ቦታ ባዕድ ይይዛል፤ መውደቁ የባለአገሩ ድርሻ ነው።

እነዚህ ሠራተኞች ግን ዝም ብለው አልወደቁም። የክሪ ተወላጁ ኒል ዳይመንድ በ2009 ባወጣው «ሪል ኢንጁን» በተባለ ዘጋቢ ፊልም ውስጥ፣ በ1964 በተሠራ አንድ የካውቦይ ፊልም ላይ አንድ ናቫሆ ለነጩ መኮንን በራሱ ቋንቋ የተናገረውን አስተርጉሞ አሳይቷል። ተመልካቹ የክብር ንግግር የመሰለው ነገር ለካስ መኮንኑን የሚያዋርድ ስድብ ኖሯል። ዳይሬክተሩ ቋንቋውን አያውቅ፣ ፕሮዲዩሰሩ አያውቅ፤ ያወቁት በሪዘርቬሽኑ አካባቢ ባሉ ሲኒማ ቤቶች የተቀመጡ ናቫሆዎች ብቻ ናቸው፣ እነርሱም ስቀዋል። በፋብሪካ የሠራ አንባቢ ይህን ሳቅ ያውቀዋል።

ወደ ሸለቆው እንመለስ፤ ዋናው ነገር እዚያ አለና። ፎርድ ቀዩን አለት በሚቀርጽበት በዚያው ዘመን፣ በዚያው ሸለቆና በአካባቢው፣ ኩባንያዎች ለአቶሚክ ቦምብ የሚሆን ዩራኒየም ይቆፍሩ ነበር። ከ1944 እስከ 1986 ባለው ጊዜ ከናቫሆ መሬት ወደ 30 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ የዩራኒየም ማዕድን አፈር ወጥቷል። ቆፋሪዎቹ ናቫሆዎች አየር በማይገባው ጉድጓድ ውስጥ፣ አደጋው ሳይነገራቸው፣ አቧራውን እየሳቡ ሠሩ። በልብሳቸውም ወደ ቤታቸው ይዘውት ገቡ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው እንዲሉ፣ ኩባንያዎቹ ከሄዱ በኋላ የሳንባ ካንሰሩ መጣ። መንግሥት የካሳ ሕግ ያወጣው በ1990 ነው። ከ500 በላይ ጉድጓዶች ክፍታቸውን ተትተው ቀሩ። በጁላይ 1979 በቸርች ሮክ ግድብ ተደርምሶ ከ350 ሚሊዮን ሊትር በላይ መርዛማ ውኃ ወደ ወንዝ ሲለቀቅ አደጋው በዚያች አገር ታሪክ በመጠኑ ወደር የሌለው ነበር። በሰባቱ የፎርድ ፊልሞች ውስጥ አንድም የማዕድን ጉድጓድ፣ አንድም ቆፋሪ አይታይም። ካሜራው በዚያ ሸለቆ ወዛደር አላየም፤ ያየው «አረመኔ» ብቻ ነው።

ይህ ምስል ባሕር ተሻግሮ እኛም ዘንድ ደርሷል። ጎንደር ተወልዶ ያደገው፣ ኋላም በአሜሪካ የታወቀ የፊልም አዘጋጅ የሆነው ኃይሌ ገሪማ፣ በልጅነቱ ከጓደኞቹ ጋር በጎንደር ተራሮች ላይ የካውቦይና የሕንድ ጨዋታ ሲጫወቱ ሁሉም ከካውቦዩ ጋር እንደነበሩ፣ ሕንዶቹ እንዲያሸንፉ ፈጽሞ ይመኙ እንዳልነበረ፣ በታርዛን ፊልምም አፍሪካውያኑ ከኋላ ሲመጡበት ታርዛንን ለማስጠንቀቅ ይጮኹ እንደነበር ደጋግሞ ተናግሯል። የዓድዋ ድል ባለቤት የሆነ ሕዝብ ልጅ በገዛ ተራራው ላይ ቆሞ ለወራሪው አጨበጨበ። ከእኛስ በልጅነቱ ይህን ያላደረገ ማን አለ? ግለ ሒስ ከመጣ አይቀር በዚህ እንጀምር።

በ1973 የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ንቅናቄ ታጋዮችና የፓይን ሪጅ ነዋሪዎች ዉንድድ ኒን ይዘው ለ71 ቀናት በፌዴራል ኃይሎች ተከበቡ። ሁለት ታጋዮች ተገደሉ። በዚያው ሰሞን ማርሎን ብራንዶ «ዘ ጎድፋዘር» ለተባለው ፊልም የተሰጠውን የኦስካር ሽልማት፣ ሆሊውድ በነባር ሕዝቦች ላይ የሚፈጽመውን በደል በመቃወም እንደማይቀበል አስታወቀ። ድርጊቱ የሚደነቅ ነው። የሚያሳዝነው ዓለም ያስታወሰው የተዋናዩን እምቢታ እንጂ የከበባውን ምክንያት አለመሆኑ ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1971፣ ቆሻሻ የተጣለበትን ወንዝ አይቶ የሚያለቅስ «ሕንድ» በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ቀርቦ አሜሪካን ሁሉ አስለቅሶ ነበር። አልቃሹ አይረን አይስ ኮዲ ከሲሲሊ ስደተኞች የተወለደ ጣሊያናዊ ነው። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ! ማስታወቂያውን ያሠራው ማኅበር ደግሞ በቆርቆሮና በጠርሙስ ፋብሪካዎች የተቋቋመ ነው። ቆሻሻውን የሚያመርተው ከበርቴ ጥፋቱን በመንገደኛው ላይ ለማላከክ የተጠቀመው በተዘረፈ ሕዝብ ሐሰተኛ እንባ ነው። ማስታወቂያው ከአገልግሎት የወጣው ገና በ2023 ነው።

ዘመኑ ሲለወጥ ፊልሙም ቋንቋውን ለወጠ። በ1990 የወጣውና ሰባት ኦስካር የተሸለመው «ዳንስስ ዊዝ ዎልቭስ» ላኮታዎችን ደግ፣ ቀልደኛና አስተዋይ አድርጎ አቅርቧል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ታሪኩን የሚነግረን አሁንም ነጩ መኮንን ነው። ፊልሙም የሚያበቃው ከሪዘርቬሽኑ በር ላይ ሳይደርስ ነው። የሞተ ወዳጅ ክርክር አያነሣምና ለጥንቱ ሕንድ ማልቀስ ቀላል ነው። የዛሬው ግን የጥቁር ኮረብቶችን ይጠይቃል። እነዚህ ኮረብቶች በ1868 ውል ለላኮታዎች ተረጋግጠው፣ ወርቅ ከተገኘባቸው በኋላ በ1877 የተነጠቁ ናቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1980 ነጠቃው ካሳ እንደሚያስከፍል ወስኖ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ቢፈርድም ላኮታዎች ገንዘቡን አንቀበልም አሉ። የሚፈልጉት መሬቱን ነው። ገንዘቡ ወለድ እየወለደ ከቢሊዮን ዶላር በላይ ደርሶ እስካሁን ተቀምጧል። በአገሪቱ ካሉት ድኾች መካከል የሚቆጠር ሕዝብ ቢሊዮን ዶላር አልነካም ብሎ መቀመጡ ለማንኛውም ጸሐፊ ታላቅ ድራማ ነበር። እስካሁን ሆሊውድ አልሠራውም።

ዛሬውን ሪዘርቬሽን ለማሳየት ከሞከሩት መካከል የ1992ቱ «ተንደርሃርት» ከሁሉ ይልቅ ወደ እውነቱ ቀርቧል እንላለን። የዩራኒየም ቁፋሮን፣ የተመረዘ ውኃን፣ የፌዴራሉን ፖሊስ ሴራ በስም ጠርቷልና። የ2017ቱ «ዊንድ ሪቨር» ደግሞ በዋዮሚንግ ሪዘርቬሽን ስለተገደለች ወጣት ሴት ይተርካል። ሁለቱም ግን መርማሪ ከውጭ ያስገባሉ፤ ፍትሕ ከውጭ የሚላክ ዕቃ ይመስል። በተለይ ሁለተኛው ሐዘኑን እንጂ ሕጉን አልነገረንም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1978 በሰጠው ፍርድ ነባር ሕዝቦች በገዛ መሬታቸው ወንጀል የሠራ ባዕድን እንዳይከሱ ተከልክለዋል። በ2013 እና በ2022 የወጡ ሕጎች ሥልጣኑን የመለሱት በከፊል ብቻ ነው። ተመልካቹ በረዶውንና ጨካኙን ሰው አይቶ ይወጣል፤ ጨካኙን ያደፋፈረውን የፍርድ ቤት ወረቀት አያይም።

በ1998 ግን አንድ አዲስ ነገር ሆነ። የቸየንና የአራፓሆ ተወላጅ የሆነው ክሪስ አየር በሸርማን አሌክሲ ድርሰት ያዘጋጀው «ስሞክ ሲግናልስ» በአይዳሆ ኮር ዳሌን ሪዘርቬሽን የሚኖሩ የሁለት ወጣቶችን ጉዞ ይዞ በመላ አገሪቱ ታየ። በዚያ ፊልም ውስጥ ወደ ኋላ ብቻ የምትነዳ መኪና አለች። በተበላሸች መኪና ጣራ ላይ ተቀምጦ ምንም በማያልፍበት መስቀለኛ መንገድ ላይ የትራፊክ ዜና ለሬዲዮ የሚያስተላልፍ ሰውም አለ። ከዚያ በኋላ በስተርሊን ሃርጆ አዘጋጅነት ከ2021 እስከ 2023 በኦክላሆማ የተሠራው «ሪዘርቬሽን ዶግስ» የተባለ ተከታታይ ፊልም ጸሐፊዎቹም፣ ዳይሬክተሮቹም፣ ዋና ተዋንያኑም ነባር ሕዝቦች ናቸው። በዚህም ላይ ለወጣቶቹ የሚገለጥ የጥንት ጦረኛ መንፈስ አለ። ሲጠይቁት ወደ ታላቁ ጦርነት ሲጋልብ ፈረሱ ጉድጓድ ገብቶ ስለጨፈለቀው ሳይዋጋ መሞቱን ይናገራል። በዚህ አንድ ቀልድ የመቶ ዓመት የካውቦይ ፊልም ፈረሰ።

አንዳንድ ጓዶች «ቀልድ ትግል አይሆንም፤ ድኽነትና ስካር ባለበት መሳቅ ሕዝቡን ማዘናጋት ነው» ሲሉ ሰምተናል። በዚህ አንስማማም። ሐዘን ብቻ የሚታይበት ሕዝብ ባለጉዳይ አይደለም፣ ተመጽዋች ነው። ያም ሆኖ ሳቁ የስካሩን ነጋዴ እንዲሸፍን አንፈቅድም። ክሪስ አየር ራሱ በ2002 ባወጣው «ስኪንስ» ይህን አልሸሸገም። አልኮል በተከለከለበት በፓይን ሪጅ ወሰን ላይ፣ በኔብራስካ በኩል፣ ዋይትክሌይ የተባለች ነዋሪዎቿ ጥቂት የሆኑ መንደር ነበረች። በውስጧ ያሉ አራት መደብሮች በዓመት ሚሊዮኖች ቆርቆሮ ቢራ ይሸጡ ነበር። ፈቃዳቸው የተነጠቀው በ2017 ነው። «ሕንድ ይሰክራል» የሚለውን ሁሉም ፊልም ያሳያል፤ ከወሰኑ ማዶ ቆሞ ገንዘብ የሚቆጥረውን ያሳየው ይህ ፊልም ነው።

በሶሻሊስቱ ወገን የተሠሩትንም ማለፍ የለብንም። የምሥራቅ ጀርመን ስቱዲዮ ዴፋ ከ1966ቱ «የታላቋ ድብ ልጆች» ጀምሮ ነባሩን ሕዝብ ጀግና፣ መሬት ቀሚውን ወንጀለኛ አድርጎ ተከታታይ ፊልሞችን ሠራ። አቋሙ ከሆሊውድ ይልቅ ለእውነት የቀረበ መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን ዳኮታው አለቃ የዩጎዝላቪያው ጎይኮ ሚቲች ነበር፤ የጥቁር ኮረብቶችም የባልካን ተራሮች። ለጭቁኖች ወግኖ መናገር ጭቁኖች ራሳቸው እንዲናገሩ ከማድረግ ጋር አንድ አይደለም። ይህ ትችት ለእኛም ለጸሐፊዎች የሚተርፍ ነው።

የዛሬው ሆሊውድ ይህን ትችት የሰማ ይመስላል። በ2023 ማርቲን ስኮርሴሲ 200 ሚሊዮን ዶላር በሚያህል ወጪ የሠራው «ኪለርስ ኦቭ ዘ ፍላወር ሙን» በ1920ዎቹ ለነዳጅ ዘይት ድርሻቸው ሲባል ስለተገደሉ የኦሴጅ ሰዎች ይተርካል። ኦሴጆች በምክር፣ በቋንቋና በትወና ተሳትፈዋል። ሀብታቸውን ለመቆጣጠር መንግሥት ነጭ «ሞግዚት» እንደሾመባቸውም ፊልሙ ያሳያል። ሕግ፣ ጋብቻና መርዝ አንድ ላይ ሆነው እንዴት እንደሠሩ ከዚህ በተሻለ ያሳየ የሆሊውድ ሥራ አላየንም። ይሁንና ሦስት ሰዓት ተኩል በሚጠጋው ፊልም ውስጥ ሰፊውን ቦታ የያዘው ባልየው ገዳይ ነው። ከፊልሙ የኦሴጅ ቋንቋ አማካሪዎች አንዱ በምርቃቱ ዕለት ታሪኩ በሚስትየው ዓይን እንዲታይ ይመኝ እንደነበር በግልጽ ተናግሯል። በሚሊዮን የሚቆጠረውን ገንዘብ የሚያወጣው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ካሜራው በማን ዓይን ያያል የሚለውን ይወስናል።

ከዚህ ሁሉ ግዙፍ ሥራ መካከል እኛ የምናስታውሰው አንድ አነስተኛ ዘጋቢ ፊልም ነው። በ1950ዎቹ አንድ የቺካጎ ሰው በሞኑመንት ቫሊ ስለሚኖር የናቫሆ ቤተሰብ ድምፅ አልባ ፊልም ሠርቶ ነበር። ከአርባ ዓመት ያህል በኋላ ልጁ ፊልሙን ይዞ ወደ ቤተሰቡ ተመለሰ፤ ጉዞውም በ2000 «የናቫሆው ልጅ መመለስ» በሚል ስም ለሕዝብ ታየ። ቤተሰቡ በዘመኑ ለቱሪስት ካርድ ሲነሣ የኖረ፣ ፊታቸው በየሱቁ የተሸጠ ሰዎች ናቸው። ከልጆቻቸው አንዱ በካውቦዩ ተዋናይ በጆን ዌይን ስም ተጠርቶ፣ በሕፃንነቱ በነጭ ሚሲዮናውያን ተወስዶ ቀርቶ ነበር። በፊልሙ ምክንያት ወንድምና እኅቶቹን አገኘ። በዚያው ሥራ መኖሪያቸው ከዩራኒየም ጉድጓድ በመጣ ድንጋይ መሠራቱ ታወቀና በ2001 የአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት ቤቱን አፈረሰው። ሰባት ታላላቅ ፊልሞች ያላዩትን ይህ አንድ ፊልም አየ።

በጁን 2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአምስት ድምፅ በአራት፣ የ1868ቱ ውል መንግሥት ለናቫሆዎች ውኃ እንዲያስገኝ አያስገድደውም ሲል ፈረደ። የናቫሆ አገር የኮሎራዶን ወንዝ ይጎራበታል፤ ከሦስት ቤቶች አንዱ ገደማ የቧንቧ ውኃ የለውም። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው! በሞኑመንት ቫሊ ውስጥ ደግሞ በጆን ፎርድ ስም የተሰየመ የገደል አፋፍ አለ። ናቫሆው በፈረስ ሆኖ እዚያ ጫፍ ላይ ይቆማል፣ ቱሪስቱ ይከፍላል፣ ፎቶግራፍ ያነሣል። በዚያው ሪዘርቬሽን ውስጥ ብዙ ቤተሰቦች የሚጠጡትን ውኃ በርሜል በፒክአፕ ጭነው ከሩቅ ይቀዳሉ።